ባዶው መክተፊያ

የወልቂጤዋ ወለተ ሐና ክትፎ ቤት ሰው ካየ ሰንብቷል። ሥጋ ከተወደደ ወዲህ ደንበኛው ሁሉ ከደጅ ሰላም ብሎ ያልፋል፤ ሰላምታ ደግሞ አያበላም። እሷም ሥጋ እየገዙ ማበላሸት ሰልችቷታል።

«ዛሬም ሰው ካልገባ፣ ነገ እዘጋዋለሁ» አለች በንዴት። ግን ተንኮል አታጣምና ጓዳ ገብታ ባዶውን መክተፊያ በቢላዋ ትደበድበው ጀመር። የጉራጌ ሰው ያን ኳኳታ ሰምቶ አያልፍም፤ እንኳን በሕይወት ያለው፣ የሞተውም ምራቁን ይውጣል።

እውነትም ሁለት የሚኒባስ ሾፌሮች ገቡ።

«እትዬ፣ ሁለት ለብለብ።»

«መጣሁ፣ የኔ ጌቶች» አለችና በጓሮ በር ወደ ጎረቤት ሥጋ ቤት ሮጠች። ከጥድፊያዋ ብዛት ቢላዋውን እንኳ ከእጇ አላስቀመጠችም።

ሥጋውን በፌስታል አንጠልጥላ በፊት ለፊት ስትመለስ፣ ሾፌሮቹ ጣባቸውን በቆጮ እየጠረጉ ነው።

«ማን አቀረበላችሁ?»

«አንቺው ነሻ እትዬ። ደግሞ በየት በኩል ወጣሽ? ይልቅ ቶሎ ድገሚን።»

ጓዳ ውስጥ መክተፊያው ይንኳኳል። ወለተ ሐና በእጇ የያዘችውን ቢላዋ አየች።

ኳኳታው ቆመ። ከጓዳው የራሷ ድምፅ መለሰ፤

«መጣሁ፣ የኔ ጌቶች።»