አንቺዬ

ፖሊሷ ጣቢያው ውስጥ ወንበር ሳብ አድርጋ «ይቀመጡ» ስትል፣ ልጅቷ የትኛዋ እመቤት ገባች ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። ወለል ብሎ ከተከፈተው በር በቀር ምንም አልነበረም። አንድ ደላላ «ከተማ ገብተሽ ትማሪያለሽ» ብሎ አታሎ ከሸጣት ወዲህ፣ ተቆልፎባት ባገለገለችበት ቤት ስሟ «አንቺ!» ብቻ ነበር። ወንበር መወልወል እንጂ መቀመጥ የእሷ ፈንታ አልነበረም። ያን ዕለት ጠዋት ፖሊሶች በሩን አስከፍተው ሲያወጧት የያዘችውን መወልወያ ጨርቅ እንኳ እንደጨበጠች ነበረች።

«እርስዎን እኮ ነው» አለቻት ፖሊሷ።

«ኧረ በፈጠረዎት! ልጅዎ እሆን የለም እንዴ? አንቱ አይበሉኝ!»

ፖሊሷን ሳቅ አመለጣት። «እሺ አንቺዬ፣ ቁጭ በይ። ከእንግዲህ እዚያ ቤት የሚመልስሽ የለም።»

ያው ቃል ነበር፤ ከዚህች ሴት አፍ ሲወጣ ግን አልቆነጠጣትም። እንደ ልማዷ ወንበሩን ልትወለውል ጎንበስ አለች፤ ወዲያው የምትሠራው ገባትና በራሷ ሳቀች። ጨርቁን ወለሉ ላይ ጥላ ተደላድላ ተቀመጠች። ከሆዷ እፎይ ብላም፣

«እስቲ አሁን ስሜን ይጠይቁኝ» አለች።