የቤንዚን አማች

ሽማግሌዎቹ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው እንደ ወጉ ቆመዋል። ሰውዬው ሶፋው ላይ ተደላድሎ፣ ልጁን ትርሲትን ለማግባት ሽማግሌ የላከው ወጣት ምን መኪና እንደሚነዳ ጠየቀ።

“ቪትዝ አለችው፤ ጎበዝ ሠራተኛ ልጅ ነው” አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ወርቅነህ።

“ቤንዚን?” ሰውዬው የሞተ አይጥ እንደሸተተው ሁሉ ፊቱን አጨማደደ። የኤሌክትሪክ መኪና ከገዛ ወዲህ ቤንዚን የሚነዳ ሰው ሁሉ ያሳዝነዋል፤ ማዘኑን ደግሞ ደብቆ አያውቅም። “እስቲ እናስላው። ነዳጁ አለ። ዘይቱ፣ ፊልትሮው፣ ካንዴላው አለ። ማደያ ተሰልፎ የሚያባክነው ዕድሜስ? ልጄ ለባሏ ማደያ ድረስ ምሳ ስታመላልስ ልትኖር ነው? የኔን እዩ! ዘይት አያውቅ፣ ሰልፍ አያውቅ። ትርሲት ወስዳ ሞልታ ታመጣዋለች፤ ለቻርጅ ብዬ ከኪሴ አንድ ብር አውጥቼ አላውቅም።”

“መኪና እኮ ይለወጣል፣ ወንድሜ” አሉ ጋሽ ወርቅነህ፣ የደከመ እግራቸውን እያፈራረቁ።

“እንግዲያው ሲለውጥ ይምጣ!”

ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አጥልቀው ወጡ። ሰውዬው በድሉ ረክቶ ትርሲትን ከጓዳ ጠራትና፣ እንደ ወትሮው መኪናውን ቻርጅ አድርጋ እንድትመጣ አዘዛት።

ትርሲት ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም።

“ምን ትጠብቂያለሽ?”

“አባዬ፣ እስከ ዛሬ ስሰካው የኖርኩት እኮ አሁን ሽማግሌዎቹን የመለስክበት ልጅ ግቢ ነው። በእሱ ቆጣሪ።”