ሃስከል ኮምስ ብየዳ ሊማር ሲል

የሚሠራበት የድንጋይ ከሰል ማውጫ ጉድጓድ በተዘጋ በሦስተኛው ወር ሃስከል ኮምስ የሰርግና የቀብር ሸሚዙን ለብሶ፣ ፒካፑን አስነስቶ፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የማኅበረሰብ ኮሌጅ ሄደ። ዕድሜው ሃምሳ ስምንት ነው።

ነገሩ ቀላል ነበር። አዲሱን ድልድይ የሚሠራው ሰውዬ የብየዳ ምስክር ወረቀት ላለው ሁሉ በሚያዝያ ሥራ እሰጣለሁ ብሏል። ወረቀቱ ከሌለ ባልና ሚስት ቤታቸውን ዘግተው ኢንዲያና ሄደው የሴት ልጃቸው ምድር ቤት ሊገቡ ነው። ለሚስቱ ለኦፓል ይሄ ገነት ነው፤ የልጅ ልጇ እዚያ አለ። ሃስከል ግን ሠላሳ ዓመት ከመሬት በታች ኖሮ የወጣ ሰው ነው፤ ተመልሶ መውረድ አልፈለገም።

«በዚህ ሽበት ከእንጭጮች ጋር ልትቀመጥ?» አለችው ኦፓል ከቤት ሊወጣ ሲል። «መምህሩ ‹አባባ፣ የመድኃኒትዎ ሰዓት ደርሷል› እንዳይልህ።»

«ያንቺን አፍ መበየድ ከቻልኩ ዲግሪ ነው» አላት።

ኮሌጁ መስኮት ጋ የነበረችው ጸሐፊ ቀልጣፋ ልጅ ነች። እየጠየቀች ኮምፒውተሯን ትነካካለች። ስም። አድራሻ። የሁለተኛ ደረጃ ወረቀት።

«ብየዳ ነው አይደል ሚስተር ሃስከል? ጠዋት ይሻልዎታል ማታ?»

«ጠዋት። ዶሮ የምቀሰቅሰው እኔ ነኝ።»

ሳቀች። ቁጥርና ፊደል የተደባለቀበት ወረቀት አትማ ሰጠችው። «የኢሜይል አድራሻዎ ነው፤ ሁሉም ነገር በዚህ ይደርስዎታል። በሉ፣ ሰኞ ነሐሴ አሥራ ሰባት ይምጡ፣ እንጠብቅዎታለን።»

«እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ። አንቺም ወደኛ ብቅ በይ» አላትና ኮፍያውን ደፍቶ ወጣ። ወረቀቱን እንደ ደረሰኝ አጥፎ ፒካፑ ውስጥ ወረወረው።

ከዚያ ጥበቃው ተጀመረ። የከተማው ጠበቃ ልጅ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ሲቀበላት ደብዳቤ መጥቶላት፣ አባቷ በመስታወት አስገብቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። አገሩ ሁሉ አይቶታል፤ ሃስከልም ሁለቴ ቆሞ አንብቦታል። እንግዲህ ኮሌጅ ሰውን ሲቀበል እንዲህ በደብዳቤ ነው።

ሐምሌ አለቀ፣ ነሐሴ ገባ። ደብዳቤ የለም።

ድሮ ወደ ፖስታ ሳጥኑ መውረድ የሚሰለቻት ኦፓል አሁን ከሃስከል ቀድማ መድረስ ጀመረች። ፖስተኛውን ዶይልን ታስቆመዋለች፣ ይሳሳቃሉ። አንድ ቀን ደግሞ ከጓሮ በርሜል ውስጥ ወረቀት ስታቃጥል አገኛት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የዘር መሸጫ መጽሔት። ቲማቲም ልትተክል ነበር?»

ሃስከል በርሜሉን አየት አድርጎ ሄደ። በልቡ ግን ይደምር፣ ይቀንስ ጀመር።

መስከረም ላይ ወደ ኮሌጁ ስልክ ደወለ። ሰው አላነሳም፤ ማሽን ነው። «የኮሌጁ ተማሪ ከሆኑ አንድን፣ ካልሆኑ ሁለትን ይጫኑ» አለው። ሃስከል ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሁለትን ተጫነ። «ማመልከት ከፈለጉ በአካል ይምጡ፣ በራችን ለሁሉም ክፍት ነው» አለው። እሱማ ሄዶ አመልክቷል። ሰው እንደ ለማኝ አንድ በር ሁለቴ አያንኳኳም፤ የኮምስ ዘሮች ደግሞ አንዴም ማንኳኳት የሚከብዳቸው ናቸው።

ስልኩን ዘግቶ ወደ ማድ ቤት ገባ።

«ደብዳቤዬን የት አደረግሽው?»

«የምን ደብዳቤ?»

«ያቃጠልሽው! ኢንዲያና ልትወስጂኝ! አንቺና ያ ዶይል። ‹ግባ፣ እራት ብላ፣ እደር› ስትይው አልሰማሁም መሰለሽ?»

«ለማን ነው የማልለው?» ጮኸች ኦፓል። «እናቴ ለቀረጥ ሰብሳቢው እንኳ ትለው አልነበር! እሺ ብሎ የገባ ሰው አይተህ ታውቃለህ አንተ?»

እውነቷን ነው። በዚያ ተራራ እየሸኙ ‹ግባ፣ ብላ፣ ና፣ እንጠብቅሃለን› ማለት ወግ ነው፤ ከልብ መስሎት የሚገባ ባለጌ ይባላል። ሃስከል ግን ወግ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት ካንቺ ጋር ስኖር ሌባ መሆንሽን አላውቅም ነበር።»

ኦፓል የያዘችውን ማንኪያ ቀስ ብላ አስቀመጠች። የልብስ ሻንጣዋን ስትዘጋ አላለቀሰችም። ልጇ መጥታ ወሰደቻት። ሃስከል በረንዳው ላይ ቆሞ መኪናዋ ከሸለቆው እስክትወጣ አየ፤ እጁን አላነሳም።

የድልድዩ ሰውዬ በጥቅምት መጀመሪያ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ዘጋ። ወረቀት ያላቸው ወይም በመማር ላይ ያሉ ብቻ ገቡ። ሃስከል ዝርዝሩ ከተለጠፈበት ሱቅ ፊት ለፊት አላለፈም።

በሳምንቱ ዶይል የፖስታ መኪናውን ግቢው ድረስ ነድቶ መጣ። እንደዚያ አድርጎ አያውቅም።

«ሃስክ! ከኮሌጁ ነው! እግዜር ያውቃል፣ የኮሌጅ ደብዳቤ ለአንተ ስይዝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሃስከል ደብዳቤውን ተቀበለ። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ያሰበው ኦፓልን ነው፤ ምን ብሎ ይደውልላታል፣ ከየት ይጀምራል። ፖስታውን በቢላዋ ቀዶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ ዶይል እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

«ውድ ተማሪያችን ሃስከል ኮምስ፤ ትምህርት ከተጀመረ ወዲህ ለስምንት ሳምንታት አንድም ቀን ክፍል ስላልተገኙ፣ ስምዎን ከተማሪዎቻችን መዝገብ ለመሰረዝ መገደዳችንን በአክብሮት እንገልጻለን።»