ና፣ ተሻገር

ወንዙ የሽማግሌውን መሬት ቆርሶ ለጥጋቡ ከሰጠ ወዲህ ሁለቱ ጎረቤታሞች ሰባት ክረምት በጠብ አሳልፈዋል። አንዱ «ዝራ» ካለ ሌላው ማሳውን ጦም ያሳድራል።

ጥጋቡ ከገበያ ሲመለስ ከወንዙ ማዶ ደረሰ፤ ሽማግሌው ጋቢውን ተከናንቦ በዚህኛው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ቆሞ ነበር። ውሃው ገና ከጉልበት አያልፍም፤ ነገር ግን ደፍርሷል፣ ጭራሮና አረፋ ይገፋል። የላይኛው አገር ሰማይ ጠቁሯል። ሽማግሌው ደራሽ ጎርፍ ሊመጣ መሆኑን አወቀ። ጥጋቡ ግን ሱሪውን ሰብስቦ አንድ እግሩን ነከረ።

«ና፣ ተሻገር!» ሲል ሽማግሌው ጮኸበት። «ምን ይገትርሃል? ውሃም ትፈራለህ?»

ጥጋቡ እግሩን መለሰ። «አንተ ና ካልከኝማ ሞቴን አይተህልኛል ማለት ነው!»

«ፈሪ! የፈሪ ልጅ!»

«እዚሁ አድራታለሁ እንጂ ባንተ ቃል አልሻገርም!» አለና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ ደራሹ ግንድ እያንከባለለ፣ እያገሳ መጣና መሻገሪያውን ዋጠው።

ጥጋቡ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ «ይኸው! ልታስበላኝ ነበር! አንተ ነፍሰ ገዳይ!» አለ።

ሽማግሌው ከጋቢው ሥር ወገቡ ላይ ያሰረውን ገመድ ፈታ፤ ከዚያም ሌላኛውን ጫፍ ከዋርካው ግንድ ላይ ይፈታ ጀመር።