ከተርታው የወጣው ጋሻ

«ይህን ጥናትሽ ውስጥ ካላስገባሽ አልፈርምልሽም» ይላል ፕሮፌሰር ሙኪዜ። ከቢሮው ግድግዳ አውርዶ ያመጣውን ትንሽ የቆዳ ጋሻ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል።

ማዱቤ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው የቦርሳቸውን ማንገቻ ያሻሉ። የልጅ ልጃቸው ኖምቡሶ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። አምስት ዓመት የደከመችበት ጥናት ዛሬ በዚህ ሰውዬ ፊርማ ይቆማል ወይ ይወድቃል። «ጎጎዬ፣ ምንም ቢሉኝ እንዳትናገሪ፤ ታዳሚ አይናገርም» ብላ አያቷን በር ላይ አስጠንቅቃቸዋለች።

ኖምቡሶ ሰሌዳው ላይ ወደሰቀለችው የዙሉ ጋሻዎች ሥዕል ትዞራለች። ትልቁ ከላይ ነው፣ ያነሱት እንደ ዘር ሐረግ ከሥሩ ይወርዳሉ።

«ፕሮፌሰር፣ አንዱ ሠሪ ትንሽ ያጠብባል፣ ሌላው ትንሽ ያሳጥራል። የማይመች ጋሻ የያዘ ከጦርነት አይመለስም፤ ጋሻውም አብሮት ይቀራል። የተመለሰው ሰው ጋሻ መንደር ገብቶ ይቀዳል። ሕይወት ያለው ነገር በትውልድ እንደሚለወጠው ጋሻም እንደዚያው ተለወጠ። ይሄኛው ግን የዚያ ዘር አይመስለኝም።»

«ከሁሉም ያንሳል እኮ! ተርታሽ እያነሰ ከሄደ መጨረሻው እሱ ነው። ወይስ የእኔ ቢሮ ጋሻ አይመጥንሽም?»

አጠገቡ ያሉት ሁለት ፈታኞች ይስቃሉ።

«አላስገባም።» ኖምቡሶ አገጯን ቀና ታደርጋለች። «ማስረጃ ገና አላገኘሁም። ቢሆንም አላስገባም።»

ፕሮፌሰሩ ብዕሩን ኪሱ ይከታል። ይቺ ልጅ አንድ ቃል ብታለሳልስ ምን ነበረበት? ማዱቤ ይህን እያሰቡ ሳያውቁት ቆመዋል።

«አንተ ልጅ፣ እስቲ ያዘው» ይሉታል ፕሮፌሰሩን፣ ወደ ጋሻው እየጠቆሙ።

«ጎጎ፣ ታዳሚ አይ...»

«ያዘው አልኩህ! ባሌ የጋሻ ቆዳ ሲፍቅ አርባ ዓመት ሙሉ የበሬ ፀጉር ከወጤ ውስጥ ለቅሜያለሁ። በል፣ ጦር እየወረወርኩብህ ነው። ተከለል!»

ፕሮፌሰሩ ሳይወድ ያነሳዋል። ደረቱን ሲሸፍን ቦርጩ ይወጣል፤ ቦርጩን ሲሸፍን ደረቱ ይቀራል።

«ሞትክ» ይላሉ ማዱቤ። «ይሄ የሠርግ ጭፈራ ጋሻ ነው። ያነሰው ጎረምሳው ቀኑን ሙሉ ይዞት ሲዘል ክንዱ እንዳይዝል ነው። ይሄን ጦር አልመረጠውም፣ የልጃገረድ ዓይን ነው የመረጠው። እኔ ራሴ ከአሥራ አንድ ዘላይ አንዱን መርጫለሁ። አንተን ግን እመርጥህ እንደሆን አላውቅም፣ ልጄ።»

አሁን ፈታኞቹ የሚስቁት በሌላ ሰው ነው። ኖምቡሶ ግን አትስቅም። ጠመኔ አንስታ ከጋሻዎቹ ተርታ ራቅ አድርጋ አዲስ መስመር ታሰምራለች።

«ዘሩ ሌላ ነው» ትላለች ቀስ ብላ። «መራጩም ሌላ ነው።»

«ቀጥይ» ይላል ፕሮፌሰር ሙኪዜ። ጋሻውን ማስቀመጥ ረስቶ፣ በላዩ አንገቱን አስግጎ ጠመኔው የሚሄድበትን ያያል።