መቶ ሃያ አምስት

እትዬ ፀዳለ የቅመም ሱቃቸውን ቁልፍ በደም ምርመራው ወረቀት ላይ አስቀምጠው ሁለቱንም ወደ ትርሲት ገፉ። «ሱቁን አንቺ ያዢው» አሉ፣ ሦስት ዓመት አብራቸው የሠራችውን ልጅ ሳያዩ። «ለኦቫሪ ካንሰር ነው የመረመሩኝ። ዶክተሩ ከሠላሳ አምስት በታች ከሆነ ደህና ነው ብሎኝ ነበር። የኔ መቶ ሃያ አምስት ነው፤ በዓይኔ አየሁት።» ጣታቸው ግን ከቁልፉ ቀለበት አልወጣም።

ትርሲት ወረቀቱን ከቁልፉ ሥር ስባ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከውጭ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ አውቶቡስ ሲያልፍ የሱቁ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

«እትዬ፣ ይሄ አውቶቡስ ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ አሥራ ሰባት። ምን አገናኘው?»

«ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሰው ጭኗል ማለት ነው?» ጣቷን ከወረቀቱ ዳር እስከ ዳር አስኬደች። «ሲኤ መቶ ሃያ አምስት የምርመራው ስም ነው። የእርስዎ ቁጥር እዚህ ጋ ነው፤ አሥራ አንድ።»

እትዬ ፀዳለ መነጽራቸውን አድርገው አሥራ አንዷን ደጋግመው አዩአት። «አልትራሳውንዱንማ ክሊር ነው ብለውኛል» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ ቁልፉን በጣታቸው ላይ አሽከረከሩት።

«ምን ተገትረሽ ታዪኛለሽ? በርበሬውን መዝኚ፤ ባለሱቋ አለች!»