የሶፎንያስ ዋና

በየእሑዱ ጠረጴዛ ከበው በወረቀትና በዳይስ በሚጫወቱት የጀብዱ ጨዋታ ጌዲዮን ወደር የሌለው ጦረኛ ነው። ዛሬ ግን ጦረኛው ወንዝ ዳር ተገትሮ ቀረ፤ ዋና አይችልም። የእያንዳንዱ ተጫዋች ችሎታ በየወረቀቱ ላይ ይጻፋል፤ ከአራቱ ዋና የተጻፈለት ሶፎንያስ ብቻ ነው።

«አንዱ ከቻለ ሁላችንም ቻልን ማለት ነው!» አለ ጌዲዮን ጠረጴዛውን እየደበደበ። «አለዚያ ቡድን መሆናችን ምኑ ላይ ነው?»

«ተው ጌዲ፣ ይቅርባችሁ» አለ ሶፎንያስ፣ ወረቀቱን በመዳፉ ሸፍኖ።

«አንተ ስስታም!»

ጨዋታውን የምትመራው ኤልዳና ድምፅ አሰጠች፤ ሦስት ለአንድ። ጌዲዮን ስብሰባ ነፍሱ ነውና ቃለ ጉባኤውን ራሱ አረቀቀ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በአንዱ ወረቀት ላይ የተጻፈው ሁሉ የሁላችንም ነው።» ከሁሉም ቀድሞ ፈረመ።

አራቱም እየዋኙ ተሻገሩ። ማዶ ላይ ዘንዶ እሳት እየተፋ ጠበቃቸው።

«ይሄንን ለኔ ተዉልኝ!» ብሎ ጌዲዮን ዳይሱን አፈፍ አደረገ።

«አንዴ ቆይ» አለችው ኤልዳና። የሶፎንያስን ወረቀት ከመዳፉ ሥር ስባ ገለበጠችው። ድክመት የሚጻፈው ከጀርባ ነው።

«እሳት ሲያይ» ብላ አነበበች፣ «ራሱን ስቶ ይወድቃል።»